ለአባቴ ይደውሉልኝ

ሰዒድ እባላለሁ። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት የጀመርኩት ልጄ ሀናን ገና በጋሪ በምትገፋበት ጊዜ ነው። ዛሬ እሷ ኪልበርን ውስጥ የመድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። እኔም በዚያው ጎዳና፣ በምትሠራበት መስኮት ፊት ለፊት፣ አውቶቡሴን ይዤ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ቀና ስትል ዓይን ለዓይን እንገጣጠምና እጄን አነሳላታለሁ።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የደረሰብኝ ነገር በደንብ አይገባችሁም። እኛ በምንኖርበት በዋይት ሲቲ ነገር የጠናበት አበሻ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ከቤት ላስወጣህ ያለው፣ ቤኔፊት የሚሉት የመንግሥት ድጎማ የተቋረጠበት፣ ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ያደረበት፣ ሁሉም። "ሰዒድ መላ አያጣም" ይሉኛል። ሁሉን እፈታ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን "እኔ ምን አቅም አለኝ" ብዬ ሰው መልሼ አላውቅም። ጎረምሳ ሳለሁ ከደሴ ተነስቼ በእግሬ ሱዳን የገባሁ ሰው ነኝ። ገዳሪፍ፣ መጠለያ ድንኳን ውስጥ፣ ወባ ጥሎኝ ተነስቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያቅተኝ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር፤ በተለይ ለልጄ የሚሆን።

ሀናን ይህ ተራራ የሚባል ነገር የገባባት ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው። መጀመሪያ ከጓደኞቿ ጋር በቡድን ነበር፤ ሂጃባቸውን ሸብ አድርገው፣ ከባድ ጫማቸውን ተጫምተው፣ በባቡር ወደ ዌልስ ይሄዱና ማታ ይመለሳሉ። በኋላ ግን ብቻዋን መሄድ አመጣች። ቤት በሌለበት፣ ስልክ በማይሠራበት ተራራ ላይ ትንሽ ድንኳን ተክላ ታድርና እሑድ ማታ ፊቷ በነፋስ ቀልቶ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለቅልቃ ትመጣለች። እናቷ ዘይነባ በሩን ከፍታ ታያትና ምንም ሳትል ወደ ኩሽና ትመለሳለች። የዘይነባ ዝምታ ከጩኸት ይከፋል። እኔ ደግሞ ልጅቷ በሄደች ቁጥር እንቅልፍ የለኝም፤ ግን ሥራ ይዛ ራሷን የቻለችን ልጅ እዚህ አገር ማን ይከለክላል?

"አባ፣ አንድ ቀን አብረን እንሂድ። ታያለህ፣ ትወደዋለህ" ትለኝ ነበር ሁልጊዜ። እኔም የሥራ ሺፍቴን፣ ጉልበቴን፣ ረመዳንን እያመካኘሁ አሳልፈው ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግን እሺ አልኳት። አንድ ጊዜ በዓይኔ ካየሁት ቢያንስ ስትሄድ የት እንዳለች ማሰብ እችላለሁ ብዬ ነው። ሻይ የምንጠጣበት ቤት ስናገር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ገዳሪፍ አብሮኝ የነበረው አወል ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ከድንኳን ለመውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብን ረስተህ አሁን የዓመት ፈቃድህን ወስደህ ድንኳን ልትገባ ነው ወይ አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በጠዋት ለንደን ካለው ዩስተን ጣቢያ ባቡር ተሳፍረን ስኮትላንድ ገባን። ከዚያ ሌላ፣ አነስ ያለ ባቡር ያዝን። ያወረደን ቦታ ጣቢያ ይባል እንጂ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ምልክት ብቻ ነበር ያለው። ባቡሩ ሲሄድ የቀረው ዝምታ ጆሮዬን ደፈነው። ከፊታችን ዛፍ የሌለበት፣ ቡናማ ሣር የለበሰ ተራራ ከተራራ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ሀናን ካርታዋን ዘርግታ አየች፣ ቦርሳዬን ከኋላ አጠበቀችልኝና ቀድማ መራመድ ጀመረች።

ያ የመጀመሪያው ቀን በዕድሜዬ ካሳለፍኳቸው መልካም ቀናት አንዱ ነው። ቤት ውስጥ ሳህን ሳታጥብ የምትተኛዋ ልጅ እዚያ ሌላ ሰው ሆነች። የትኛው ሣር እግር እንደሚውጥ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት አይታ ትነግረኛለች። አጋዘኖች ከሩቅ ቆመው ሲያዩን ክንዴን ይዛ ታስቆመኛለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ሐይቅ ዳር ደረስን። ድንኳኑን እኔ ቦርሳዬን እስካወርድ ድረስ ተክላ ጨረሰችው። ቂብላን በኮምፓሷ አሳየችኝና አብረን ሰገድን። በትንሿ የጋዝ ምድጃ ምስር አሞቀች። ከቦርሳዋ ማሰሪያ ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ አሳየችኝ፤ ችግር ከመጣ እየደጋገምክ ንፋው፣ እዚህ ተራራ ላይ የሚሄድ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል አለችኝ። ሰማኋት፤ ግን አልፈራሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጭን የኖርኩ ሰው በዚያ ቀን ተሳፋሪ ሆንኩ። ሾፌሯ ልጄ ናት፣ መንገዱን ታውቃለች፣ እኔ ምን አስጨነቀኝ?

በማግስቱ ስንነሳ ሐይቁ አይታይም። ጉሙ እስከ ድንኳናችን ደጃፍ ወርዷል። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። ሀናን ሰማዩን አይታ፣ በተራሮቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ አልፈን ወደ ማዶው ሸለቆ ከወረድን ነፋሱ እንደሚቀንስ፣ መንገድና ቤትም እዚያ እንደሚገኝ ነገረችኝ። ተነሳን።

መተላለፊያው ሥር አንድ ጅረት ነበር። በካርታው ላይ ቀጭን መስመር ነው፤ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ግን ሞልቶ ድንጋዮቹን እየዘለለ ይወርዳል። ሀናን ከላይ ከታች ሄዳ መሻገሪያ መረጠችና በዱላዋ እየነካካች ተሻገረች። ቦርሳዋን ከማውረዷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። መሐል ድረስ ተመልሳ እጇን ዘረጋችልኝ። እጇን ያዝኩ። እኔ የረገጥኩት ድንጋይ ጸና፤ የሷ ተገለበጠ። እጇ ከእጄ ወጣና እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ገባች።

ብዙም አልወሰዳት። ራሷ ተነስታ፣ ዳር ወጥታ፣ ሳቀች። "ለእናቴ አትናገርም" አለችኝ። ልብስ እንድትቀይር ለመንኳት፤ ቦርሳዋን ብንከፍተው ቅያሪ ልብሷም፣ እሷው የተሸከመቻቸው የሁለታችን የመኝታ ከረጢቶችም ውኃ ጠጥተዋል። የእኔን ሹራብ ልስጣት ብል፣ አንተን ይበርድሃል፣ እኔ ስሄድ ይሞቀኛል አለች። ከሷ በላይ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ተከተልኳት።

ዳገቱን ስንወጣ ወሬዋ ቀነሰ። ቀደም ሲል እየዞረች ታየኝ ነበር፤ አሁን አትዞርም። ትንሽ ቆይታ መደናቀፍ ጀመረች። ጓንቷ ወድቆ አንስቼ ስሰጣት ጣቶቿን ማስገባት አቃታት፤ እንደ ሕፃን አለበስኳት። ደህና ነሽ ወይ ስላት "አይ አም ፋይን" ትላለች፣ ግን የቃሉ ጫፍ ጫፍ ይዋጣል። ካርታውን ስታወጣ ገልብጣ ይዛዋለች። መተላለፊያው አናት አጠገብ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ትንሽ ልረፍ አለች። ከዚያ ድንጋይ በራሷ እግር አልተነሳችም።

የሚንቀጠቀጠው ሰውነቷ ሁሉ ነበር፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ከነፋሱ በላይ ይሰማኛል። ሹራቤንና ካፖርቴን አለበስኳት። ድንኳኑን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ትናንት እሷ እያፏጨች የተከለችው ያ ድንኳን እጄ ላይ ሕይወት ያለው አውሬ ሆነ። የትኛው ዘንግ በየት እንደሚገባ አላውቅም። አንዱን ጫፍ በጉልበቴ ይዤ ሌላውን ሳስገባ ዘንጉ ተሰበረ። ሚስማሩን ልመታ ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት ነፋሱ ጨርቁን ነጠቀኝ። ሮጥኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ወደ ጉሙ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ከዚያ የለም።

ስልኬን አወጣሁ። ሲግናል የለም። የሷን አወጣሁ፤ ውኃ ገብቶበት ስክሪኑ ጠቁሯል። በእኔው ስልክ የድንገተኛ ጥሪውን እየደጋገምኩ ነካሁት፣ ዝም ነው። ትንሽ ከፍ ብል ሲግናል አገኝ ይሆናል ብዬ፣ ለክፉ ቀን የምትይዘው፣ ሰው የሚያስገባ ብርቱካንማ የላስቲክ ከረጢት ቦርሳዋ ውስጥ ነበርና ውስጡ አስገባኋትና ዳገቱን ወጣሁ። ብዙ አልሄድኩም። ዞር ስል ከረጢቱ አይታይም። ሁሉም ነጭ ነው፤ በየት እንደመጣሁም አላውቅም። "ሀናን!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ነፋሱ ወሰደው። በአራት እግሬ እየዳኽኩ፣ የራሴን ኮቴ በጭቃው ላይ እየፈለግኩ ተመለስኩ። ከረጢቱን ስነካው ያለቀስኩትን ለቅሶ እናቴ ስትሞትም አላለቀስኩትም። ከዚያ በኋላ ትቻት መሄድ አልቻልኩም። ብሄድ እጠፋለሁ፣ ብቀመጥ ማንም አይመጣም። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አልነበረም።

ከረጢቱ ውስጥ አብሬያት ገባሁና ደረቴ ላይ አቀፍኳት። እጇን ይዤ አሻሸሁ። ፋቲሐ ቀራሁ። ፊሽካውን ነፋሁ፣ ደከመኝ፣ እንደገና ነፋሁ። ከጊዜ በኋላ መንቀጥቀጧ ቆመ። የሞቃት መሰለኝና አልሐምዱሊላህ አልኩ። ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ነው ሰውነቱ የተሸነፈው፤ ያን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ዓይኗን ገለጠች። ካፖርቱን ከላይዋ ለመግፈፍ ትታገል ጀመር፤ ሙቀት በዛብኝ ትላለች። እጇን ያዝኩ። ያን ጊዜ ፊቴን አየችው። መድኃኒት ቤት ለሚመጣ ደንበኛ የምትሰጠውን ያንን የትሕትና ፈገግታ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አለች። "ስልክ አለዎት?"

የምትቀልድ መሰለኝ። "ሀናንዬ፣ እኔ ነኝ፣ አባ" አልኳት። ፈገግታዋ አልተለወጠም። ታላላቅ ሰዎችን አንቱ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መስጂድ ስንሄድ፣ ለቅሶ ቤት ስንገባ። እኔን ግን አንድም ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም። አባት አንተ ነው።

"ለአባቴ ይደውሉልኝ" አለች። "ለንደን ነው ያለው። አውቶቡስ ስለሚነዳ ቶሎ አያነሳም። እባክዎ ደጋግመው ይሞክሩለት።"

ምላሷ ተሳስሮ ቃሉ ይጎተታል፤ አንቱታዋ ግን አልተዛነፈም። ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠግቼ፣ አባትሽ ሰዒድ ነኝ፣ እዪኝ፣ ልጄ እዪኝ እያልኩ ትከሻዋን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ ኋላ ልታፈገፍግ ሞከረች። አቅም ስላልነበራት ራሷን ብቻ አዞረች። ፈርታኛለች። በዚያ ባዶ ተራራ ላይ የማታውቀው ሽማግሌ ይዟት የሚጮህባት መሰላት።

ለቀቅኳት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደ እንግዳ ሰው አነጋገርኳት።

"እሺ ልጄ፣ እደውልለታለሁ" አልኩ። "ምን ልበልልሽ?"

ረጋ አለች። "ሀናን ወድቃለች ይበሉት። ግን በአንዴ እንዳይነግሩት። ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሆደ ቡቡ ነው።"

"እሺ፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ስጠራት እንደገና ዓይኗን ገለጠች። አባቴን አብረን እንምጣ ብዬው ነበር፣ ሥራ ይበዛበታል፣ አልመጣም አለች። ይህን ስትል ቅሬታ የለባትም፤ ለእኔ ለማያውቃት ሰው አባቷን እያስተዋወቀችልኝ ነው።

"እሱ እዚህ ቢሆን ያወጣኝ ነበር" አለች። "አባቴ መላ አያጣም።"

አንባቢዎቼ፣ ስለ ሱዳን በረሃ ብዙ ጊዜ ተጠይቄ አውቃለሁ። ምኑ ከበደህ ይሉኛል። ጥሙም፣ ሽፍታውም፣ ወባውም የዚያችን ቃል ያህል አልከበደኝም። ልጄ አባቷን እየጠራች ነው፤ አባቷ እዚያው ደረቱ ላይ ይዟታል፤ ሆኖም አልደረሰላትም። የምትጠራው ሰው መላ የማያጣው ነው። የያዛት ግን ድንኳን መትከል የማይችል፣ ካርታ የማያነብ፣ ጣቱ የደነዘዘ ሽማግሌ ነው።

"እየመጣ ነው" አልኳት። "ደውዬለታለሁ፣ መንገድ ላይ ነው።"

"እውነት?"

"ወላሂ" አልኳት።

ያ መሐላ እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እሷ ግን አመነችኝ። "አላህ ይስጥልኝ ጋሼ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ ብጠራት አልመለሰችም። አፍንጫዋ አጠገብ ጉንጬን አስጠግቼ ትንፋሿን እጠብቃለሁ፤ ይመጣል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይመጣል። ፊሽካውን አነሳሁና ነፋሁ። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ የደሜ ጣዕም ይሰማኝ ነበር። ማንም ይሰማኛል ብዬ አልነበረም። የማደርገው ሌላ ስላልነበረኝ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ውሻ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ በዝናብ የረጠበ ውሻ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ፊቴን አሸተተና ጮኸ። ከኋላው ጎልማሳ ባልና ሚስት እንግሊዞች ደረሱ። በማዶው ሸለቆ ሰፍረው ኖሮ አየሩ ሲከፋ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። ፊሽካውን ሲሰሙ የወፍ ድምፅ መስሏቸው እንደነበር፣ ያቆማቸውና ወደ እኛ የጎተታቸው ውሻው እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

ሴትየዋ ተንበርክካ ሀናንን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ እጄን ከልጄ እጅ ላይ በቀስታ አነሳችው። ማሻሸት አያስፈልግም፣ ይጎዳታል አለችኝ። ሻይ ይዛችኋል ወይ ብዬ ስለምን፣ አሁን መዋጥ አትችልም፣ ያንቃታል አለች። ላነሳት ብሞክር፣ አታንቀሳቅሳት አለች። አውቃለሁ ያልኩት ሁሉ ስሕተት ነበር። እነሱ ደረቅ የመኝታ ከረጢት አውጥተው፣ እርጥቡን ከላይዋ ገፈው፣ ጠቅልለው አስተኟት፤ በላያችን ላይ እንደ ጃንጥላ የሚደፋ ሰፊ ጨርቅ ዘርግተው ሁላችንም ከሥሩ ገባን። ባልየው ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ነበረውና ቁልፉን ተጫነ። መልስ ሲመጣለት፣ የነፍስ አድን ሰዎች ተነስተዋል አለኝ።

ጠበቅን። ሴትየዋ የሀናንን የአንገት ትርታ በየጊዜው ቼክ ታደርጋለች፤ ምን እንዳገኘች አትነግረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ከጊዜ በኋላ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሰማን። ከላያችን ሆነ፤ ዞረ፤ አሁንም ዞረ። ብድግ ብዬ ወጥቼ እጄን ወደ ጉሙ አወዛወዝኩ፣ ጮህኩ። ባልየው ትከሻዬን ይዞ፣ አያዩንም፣ ደመናው ውስጥ መግባት አይችሉም አለኝ። ድምፁ እየራቀ ሄደ። ያን ድምፅ ዛሬም ዋይት ሲቲ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያልፍ በሆዴ እሰማዋለሁ።

በመጨረሻ በእግራቸው መጡ። ቀይ ጃኬት የለበሱ፣ በዝናብ የበሰበሱ የአገሬው ሰዎች ናቸው። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ከሥራቸውና ከገበታቸው ተነስተው ነው የወጡት። መሪያቸው ከሀናን ብዙም የማትበልጥ ወጣት ነበረች። ልጄን ቃሬዛ ላይ አድርገው አሰሩና ቁልቁል ተሸክመው ወረዱ። እኔም አንዱን ጫፍ ልያዝ ብዬ እጄን ሰደድኩ። ወጣቷ በትሕትና፣ አንተ ብትወድቅ ሁለት ሰው ነው የምንሸከመው፣ ከኋላ ተከተለን አለችኝ። ተከተልኩ። ከደመናው በታች ስንወርድ ሄሊኮፕተሩ ተመልሶ መጣ። ለእኔ ቦታ አልነበረም። ልጄን ይዟት ሲነሳ፣ ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው፣ ቆሜ አየሁ።

በመኪና ሆስፒታል ሲያደርሱኝ ገና ብርሃን ነበር፤ በግንቦት እዚያ አገር ፀሐይ ለመጥለቅ ትሰንፋለች። ዘይነባ ስልክ ላይ ናት፤ ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና ሀናን ተራራው ላይ ለአባቴ በአንዴ እንዳይነግሩት እንዳለችኝ፣ ለሷም ቀስ ብዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ትንፋሽ አላት ወይ ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ያን ጊዜ ግን አላየኋትም ነበር።

ወደ ክፍሏ ሲያስገቡኝ የሞቀ አየር በሚነፋ ብርድ ልብስ ተሸፍና ተኝታለች። ፊቷ ደም ተመልሶበታል። በሩ ላይ ቆምኩ። ለመግባት ፈራሁ፤ እንደገና ጋሼ ትለኝ እንደሆነ ብዬ። ራሷን አዞረችና አየችኝ።

"አባ" አለች። "አንተ ደህና ነህ? ልብስህ ረጥቧል።"

"አንተ" የሚለው ቃል እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እግሯን ከብርድ ልብሱ በላይ ያዝኩ።

ሀናን ዳነች። ከዳገቱ ወዲያ ያለውን ግን አታስታውስም። ጅረቱን ታስታውሳለች፣ ጓንቷን ማልበሴን በሕልም እንዳየችው ያህል ታስታውሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሆስፒታሉ ነው። ባዶውን ቦታ በራሷ ሞላችው። ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ በዒድ ቀን ቤታችን በሞላ ቁጥር፣ አባቴ ነው ያዳነኝ፣ አቅፎኝ ነው ያቆየኝ፣ እሱ ባይኖር ሞቼ ነበር ትላለች። ሰዎቹም ወደ እኔ ዞረው፣ ሰዒድ መላ አያጣም ይላሉ። እኔ ሳህኑን አነሳለሁ፣ ውኃ ልጨምርላችሁ እላለሁ። ያዳኗት እነዚያ ባልና ሚስትና ውሻቸው፣ የሁሉንም ስም እንኳ የማላውቃቸው እነዚያ የረጠቡ ሰዎች መሆናቸውን ተናግሬያለሁ፤ እንደ ትሕትና ነው የሚቆጥሩብኝ።

ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ በአጭሩ መመለስ አልችልም። ዛሬም ቤቴ የሚመጣው ሰው ይመጣል፣ የምችለውን አደርጋለሁ። ነገር ግን "ግድ የለህም፣ እኔ አለሁልህ" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። አብሬህ እቀመጣለሁ እላለሁ። ፍቅር ያድናል ብዬ አምን ነበር፤ ልጄን የምወዳትን ያህል ወድጃት፣ እዚያ ድንጋይ ሥር እየሞተች ነበር። መውደድ ሌላ፣ ማዳን ሌላ። መውደድ የኛ ነው፤ ማዳኑ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም።

ሀናን አሁንም ተራራ ትሄዳለች። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ለምናት ነበር፤ እኔ አልለመንኳትም። ያንን ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ገዝቼላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስትወጣ እኔ ዊልስደን ላይ ሺፍት ነበረኝ። ዝናብ ነበር። ቀኑን ሙሉ በየማቆሚያው በሩን ስከፍት ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ይደርሳል። እኔ የሷን መድረስ ማፋጠን አልችልም። ማታ ቤት ስትገባ "አባ፣ አልተኛህም?" አለችኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነው አልኳት።

በዚያ ተራራ ላይ ምን እንዳለችኝ አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም። ሀናን አማርኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ስለዚህ ነው እዚህ ለእናንተ የጻፍኩት። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ መድኃኒት ልትገዙ ትገቡና ታገኟት ይሆናል፤ አንቱ ብላ፣ ፈገግ ብላ ታስተናግዳችኋለች። አደራ፣ ይህን እንዳታነቡላት። እሷ የምታውቀው አባቷ እንደደረሰላት ነው። እንደዚያው ይቆይላት።